የወዲያ ማዶ ጥንዚዛዎች

የዚያን ቀን ካፊያው ከጧት ጀምሮ አላባራም፤ ግድግዳው ሳይቀር አልቦት ነበር። ሰውየው የደረቁ ጥንዚዛዎች በመርፌ የተሰኩባቸውን ሣጥኖቹን ከአልጋው ሥር እየሳበ ክዳናቸውን በጨርቅ ይወለውላል። ከሰዓት በኋላ የቀድሞ መምህሩ መጥተው ሊያዩለት ነው።

ሰፈሩ «ዶክተር ጥንዚዛ» ይለዋል። ዶክተርስ አይደለም፤ የኮሌጁ የነፍሳት ክፍል ረዳት ነበር። ክፍሉ ለቢሮ ሲፈለግ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ዕድሜውን የፈጀበት ነገር ለሰሚው ቀላል ነው። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሰው ሁሉ አንድ ነው የሚለው ጥቁር ጥንዚዛ አለ። እሱ ግን ሁለት ናቸው ባይ ነው፤ የወዲያ ማዶው ቀንዱ አጠር፣ የጀርባው መስመር ጠለቅ ይላል። «የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ወንዙ መሃል ገብቶ ባዕድ አደረጋቸው» ይላል። መምህሩ አይተው ካመኑበት የልፋቱን ያገኛል። የወዲያ ማዶው ጫካ ተመንጥሮ ሲሚንቶ ስለፈሰሰበት፣ ያ ዘር የቀረው እነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ብቻ ነው።

ድሮ ተባይ እንዳይገባባቸው በየጥጉ ናፍታሊን ያደርግ ነበር። ቤታቸው ግን አንዲት ክፍል ናት፤ ሚስቱን ሳል ያዛት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም እንደነሱ ልታደርቀኝ ነው? የቀረኝ እኮ መርፌው ብቻ ነው» አለችው አንድ ቀን። ሳቋ በሳል አለቀ። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ናፍታሊኑን ለቅሞ ጣለ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ምን ይገባበታል ብሎ ነው። ሽታው እንዳይነሣባትም ሣጥኖቹን ሳይከፍት ነገ ዛሬ ሲል ዓመት አለፈ።

መምህሩ ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። «እስቲ የወዲያ ማዶዎቹን አሳየኝ፣ ልጄ።»

ክዳኑን አነሣ። መርፌዎቹ እንደተሰለፉ ቆመዋል። ከእያንዳንዱ መርፌ ሥር ቡናማ ዱቄት አለ፤ እዚህም እዚያም የተረፈ እግር። ሌላውን ሣጥን ከፈተ። ያው ነው። ዱቄቱ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር ተንቀሳቀሰች።

«ነቀዝ ነው?» አለች ሚስቱ ከአልጋው ላይ።

«እሱም ጥንዚዛ ነው። የነሱው ዘመድ፤ ቀለቡ የደረቀ ሬሳ ነው» አላት ባሏ።

«አይ የሥጋ ዘመድ» አለች። ማንም አልሳቀላትም።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ናፍታሊን አላደረግህም?»

አንዴ ወደ ሚስቱ አየ። «ረሳሁት ጋሼ።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ አላምንህም ማለቴ አይደለም፤ ግን ምን ይዤ ልሟገትልህ?» አሉና ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ሳሉ የናፍታሊን አልነበረም። ሳንባዋ ነበር፤ ሐኪሙ ያወቀው ከረፈደ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ቀበራት።

ሣጥኖቹ ዛሬም አልጋው ሥር ናቸው፤ መርፌዎቹን አልነቀለም። እሱ እዚያው ኮሌጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ጠመኔና መጥረጊያ ያድላል።