እንግሊዝ ስትደራደር የሸጥኩት አክሲዮን

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ትደራደር በነበረባቸው ዓመታት፣ ከሸዋ ሮቢት ሕዝብ መካከል በድርድሩ ምክንያት ምግብ አልበላ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከማግባቴ በፊት የገዛኋቸው የአንድ የግል ባንክ ጥቂት አክሲዮኖች ነበሩኝ። አክሲዮን ሻጮቹ ከአዲስ አበባ መጥተው መምህራኑን ሰብስበው ሲያነጋግሩን፣ ጓደኞቼ ሳምቡሳውን በልተው ሲበተኑ እኔ ፈረምኩ። ለምን እንደፈረምኩ ዛሬ ሳስበው፣ አንደኛው ሻጭ «ከዛሬ ጀምሮ የባንክ ባለቤት ነዎት» ስላለኝ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ከተማችን ያለው ቅርንጫፍ ስገባ ሰልፍ የያዘውን ሰው በባለቤት ዐይን ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን እንዲያውም የወለሉ ንጽሕና እንዳላረካኝ ለጥበቃው ነገርኩት። በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ ወረፋዬን እንድይዝ አሳሰበኝ።

የውጭ አገር ሬዲዮ ዜና መስማት የቆየ ልማዴ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አውጥቼ ስሰማ፣ ድርድሩ በመቋረጡ የባንኮች አክሲዮን ዋጋ ማሽቆልቆሉ ተነገረ። ዜናው የለንደን ባንኮችን ነው ያለው። እኔ ግን «ባንኮች» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። በሳምንቱ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙ ነው ተባለና ዋጋው መልሶ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ሚኒስትር ተቆጥቶ ሥራውን ለቀቀ፤ ዋጋው ወረደ። እንዲህ እያለ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በተጨባበጡና ባኮረፉ ቁጥር የኔም ደም ግፊት አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ከረመ።

ጓደኞቼ ለንደን ከእኛ ጋር ምን አገናኛት ሲሉኝ የምመልሰው ነበረኝ። «ደብረ ሲና ላይ ሲዘንብ የሮቢ ወንዝ እኛ ጋ አይሞላም?» እላለሁ። «ደጋ የዘነበው ቆላ መውረዱ አይቀርም። ለንደን ደጋ ናት። እኛ ቆላ ነን።» በመምህራን ማረፊያ ክፍል የዓለም ካርታ ዘርግቼ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ በማስመሪያ አሳያቸው ነበር። ያን ወቅት ከእኔ የተማሩ ልጆች ስለ ኢትዮጵያ ተፋሰሶች የሚያውቁት ትንሽ ነው። ስለ እንግሊዝና ስለ አየርላንድ ድንበር ግን ብትጠይቋቸው ያጥለቀልቋችኋል።

ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወር ታገሰችኝ። በሁለተኛው ወር «የእንግሊዝን ጣጣ ለእንግሊዝ ተውላት» አለችና ሬዲዮኑን አጠፋችው። እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ ድርድሩ እቤት ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም፤ ዜናውን በስልኬ መከታተል ጀመርኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነገሩ ሁሉ ሊፈርስ ነው የሚል ዜና አነበብኩና፣ ሳይረፍድብኝ አክሲዮኖቼን ለመሸጥ ወሰንኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ የባንክ አክሲዮን ሊወድቅ ነው እያልኩ ከተማውን ያስፈራራሁት እኔው ራሴ መሆኔን ነው። መጀመሪያ የሒሳብ መምህሩን ጠየቅኩት።

«በማስመሪያ ያሳየኸን ጎርፍ የት ደረሰ?» አለኝ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ጠየቅኳት፤ አዘነችልኝ እንጂ አልገዛችኝም። ጎረቤቴን ሐጂንም ሞከርኳቸው። ሐጂ የማሾ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ የለሁበትም» ብለው በአጭሩ ሸኙኝ።

በአካባቢው የኔን ትምህርት ያልሰማ አንድ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የባለቤቴ አክስት።

እትዬ የሚኖሩት ከከተማችን ብዙም በማትርቀው ጀውሃ ነው። መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ያስተዳድራሉ። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጥብስ አቀረቡልኝ፤ አልወርድ አለኝ።

«ምነው ከሳህ?» አሉኝ።

«የቤቱን ጣሪያ ላድስ አስቤ ገንዘብ አጠረኝ፤ አክሲዮኖቼን የሚገዛኝ ሰው እየፈለግሁ ነው» አልኩ። የጣሪያው ነገር ውሸት ነበር። ጣሪያችን ደህና ነው።

ፊቴን አየት አደረጉና፣ «ሌላ ሰው ከሚወስደው እኔው ልውሰደው» አሉ። «እስኪ ትንሽ ቀን ስጠኝ።» በሳምንቱ ደውለው በገዛሁበት ዋጋ እንደሚወስዱት ነገሩኝ። ለባለቤቴ እንዳይነግሯት ለመንኳቸው። በአዲሱ ጣሪያ ላስደንቃት ነው አልኩ። አንዴ መዋሸት ከጀመሩ ቀሪው ቀላል ነው።

የአክሲዮኑን ስም ለማዛወር አዲስ አበባ ድረስ አብረን መሄድ ነበረብን። በጠዋት ተነስተን ዳገቱን ስንወጣ እሳቸው ስለ ዘይት ዋጋ ያጫውቱኛል፣ እኔ በመስኮት ገደሉን አያለሁ። ጣርማ በር ስንደርስ መኪናው ቆመ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ ከቆላ ለብሼው በመጣሁት ስስ ሸሚዝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እትዬ ከመንገድ ዳር ሻጮቹ ከበግ ጠጉር የተሠራ ኮፍያ ገዝተው በገዛ እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ ደፉት፤ እስከ ጆሮዬም ወደ ታች ሳቡት።

«ሚስትህ ታማሚ አድርጌ ብመልስህ ምን ትለኛለች?» አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እትዬ፣ ይህ ወረቀት ገደል ሊገባ ነው፣ እንመለስ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን መኪናው ተነስቶ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባና ጨለማ ሆነ፤ ከዋሻው ስንወጣ አፌን መልሼ ዘግቼዋለሁ። የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት በደረስን ጊዜ ኮፍያውን ማውለቅ እንኳ አልደፈርኩም። እንደዚያው ሆኜ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ ኑሮ አልነበረም። ድርድሩ ተበላሸና ዋጋ ወረደ ሲባል፣ ባልቴቷን አራቆትኳቸው ብዬ እጸጸታለሁ። ተስማሙና ዋጋ ወጣ ሲባል ደግሞ፣ ምነው ባልሸጥኩ ብዬ እቃጠላለሁ። በዓለም ላይ በሁለቱም ዜና የሚያዝን ባለሀብት ነበር ከተባለ እኔ ነኝ፤ ያውም አክሲዮን የሌለኝ።

አንድ ከሰዓት ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ ማሾ ሲያስነፉ አገኘኋቸውና፣ ስለ ሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ፣ «ሐጂ፣ አንድ ሰው እቃው ሊበላሽ መሆኑን እያወቀ ሳይናገር ቢሸጥስ?» አልኳቸው።

ወንፊቱን አስቆሙ። «ነቀዝ የበላው ማሾ ሲኖረኝ ከላይ አድርጌ አሳይቼ ነው የምሸጠው» አሉ። «ነቀዙን ከታች ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው። ሰውየው አፉ ተለጉሟል እንዴ? ሄዶ አይነግራቸውም?»

«ማንን?» አልኩ ደንግጬ።

«የሚስቱን አክስት ነዋ። ጀውሃ ሩቅ ነው እንዴ?» የከተማችን ምስጢር አጠባበቅ እንዲህ ነው። ከባለቤቴ በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ጀውሃ ወረድኩ። ምግብ ቤቱ በሾፌሮች ሞልቷል። ወደ ጓዳ እንግባ ብላቸው፣ «ድስት ጥዬ የት እገባለሁ? እዚሁ ተናገር» አሉኝ። እዚያው፣ ጭልፋ እንደያዙ ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ጣሪያው ውሸት እንደነበር፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ልትወጣ መሆኗን፣ የባንክ አክሲዮን በዚያ ሳቢያ እንደሚወድቅ፣ ይህን እያወቅሁ እንደሸጥኩላቸው። ገንዘባቸውንም ልመልስ አልኩ።

ሰምተውኝ ሲጨርሱ ጠየቁኝ፦ «እንግሊዝ ከጎረቤቶቿ ተጣላች?»

«አልተጣላችም፤ ስለ ንግድ እየተደራደሩ ነው።»

«እና የኛ ባንክ ለእንግሊዝ ያበደረው አለ?»

«ያበደረው እንኳ የለም፤ ግን...» አልኩና የሮቢ ወንዝን ምሳሌ ጀመርኩ። በዙሪያችን ያሉ ሾፌሮች መብላት ትተው ያዳምጡኝ ነበር። ምሳሌዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴም ጆሮ ደስ አላለኝም።

እትዬ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ከመግዛቴ በፊት የሸዋ ሮቢቱን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጠይቄያለሁ እኮ። የኛ አገር አክሲዮን እንደ ውጭ አገሩ በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድበት ገበያ የለውም አለኝ። ባንኩ ካተረፈ ድርሻዎን ያገኛሉ፣ ካላተረፈ አያገኙም፣ በቃ አለኝ። ዘንድሮም አትርፏል፤ ድርሻዬን ሰጥተውኛል።»

«ድርሻ ሰጡዎት?»

«ሰጡኝ እንጂ። ያንን ማቀዝቀዣ የገዛሁት በምን ይመስልሃል?» አሉና በአገጫቸው ጥግ ወዳለው አዲስ ማቀዝቀዣ አመለከቱኝ።

ከሾፌሮቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ውሃው ትን አለው። ሰውን አታልያለሁ ብዬ ስንት ወር ስሰቃይ፣ ለካ ማታለሉንም አልቻልኩበትም። አጭበርባሪ ለመሆንም ትንሽ እውቀት ይጠይቃል።

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው ገዙኝ? ሞኝነቴን አውቀው?» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ሞኝነትህን መች አወቅሁ? ያን ቀን ስትመጣ ፊትህ አመድ ነበር። ጥብስ ትተህ ስትነሳ፣ ወይ ታሟል ወይ ችግር ገጥሞታል፣ ለሚስቱ መንገር ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ጠይቄ ላሳፍርህ አልፈለግሁም። እንግሊዝ ነች ብዬ በምን ልገምት?»

ይህን ሲሉኝ ዐይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ገንዘቡን ልመልስና አክሲዮኑን ልውሰድ ብል፣ «አሁንማ ጤነኛ መሆንህን አወቅሁ፤ አልመልስም» አሉ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፤ ለባለቤቴ ራሴ እንድነግራት።

ነገርኳት። ቃሪያ እየከተፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። መጮህ አልጮኸችም። «ይሄን ሁሉ ወር እያዘንክ የነበረው ለዚህ ነው?» አለች። «እኔ ደግሞ ሌላ ሴት መስላኝ ነበር።» ከዚያ ቃሪያውን ትታ ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አለቀሰች። የዚያን ዕለት የተማርኩት፣ አንድ ጭንቀት በሆዱ የያዘ ሰው ለቤተሰቡ ስንት ዓይነት ጭንቀት እንደሚያድል ነው። እንግሊዝን ማንም አልጠረጠራትም። እትዬ በሽታ ጠረጠሩ፣ ባለቤቴ ሴት ጠረጠረች።

በዓመቱ የባንኩ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲጠራ እትዬ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉና ይዘውኝ ሄዱ። በር ላይ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ስሜን ፈልጎ አጣው። «ባለ አክሲዮን ላልሆነ አይፈቀድም» አለኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፤ እኔ ጠዋቱን ሙሉ ቅጥር ግቢው ውስጥ ከባለ አክሲዮኖቹ ሾፌሮች ጋር ቆሜ ጠበቅኩ።

ወጥተው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። እጃቸውን አውጥተው ተናግረዋል ለካ፤ ጀውሃ ይህን ያህል መኪና እያደረ ቅርንጫፍ የማይከፈተው ለምንድን ነው ብለው ጠይቀው፣ አዳራሹ አጨብጭቦላቸዋል።

«ምን መለሱልዎት?»

«እናጠናዋለን አሉ። እኔ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ አልኳቸው» አሉና ቦርሳቸውን አስያዙኝ። ሳይመሽ ዋሻውን እንድናልፍ እያጣደፉኝ ወደ መናኸሪያው ከፊት ከፊቴ ሄዱ።