ድምፅ ልንመርጥ ሞጣ የሄድን ጊዜ

ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የከተማው ሰው ግን የሚያውቀኝ በፊዚክስ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ስለነበርሁ የሆቴል ድምፅ ማጉያ ሲያፏጭ፣ የሰርግ ቤት ስፒከር ሲንኮሻኮሽ፣ "እስቲ መምህሩን ጥሩት" ይባላል። ሄጄ ጥቂት አዳምጥና "የዚህኛው ወረቀት ተቀዷል" እላለሁ፤ ሲከፍቱት ተቀዶ ይገኛል። ሰው ሲያደንቀኝ ምንም እንዳልመሰለኝ ሆኜ እጄን እጠርጋለሁ እንጂ በልቤ እኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን አዲስ አዳራሽ ተሠራለት። የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሰባስበው የድምፅ መሣሪያውን ወጪ እኛ እንችላለን አሉ። በዚያው ሰሞን ሞጣ ላይ ባዛር ነበር፤ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጡ የድምፅ መሣሪያ ነጋዴዎችም አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ክፍል ይዘው ዕቃቸውን ለሚፈልግ ሁሉ እያሰሙ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። መንገዱም ደኅና ነበርና ርእሰ መምህሩ ሦስት ሰው መርጦ ላከን።

አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ የእንግሊዝኛ መምህርታችን ናት፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ በሚኒ ሚዲያው የምታግዘኝ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ሴት። ሦስተኛው የወላጆች ተወካይ ናቸው። የልጅ ልጃቸው እኛ ዘንድ ይማራል። እሳቸው ራሳቸው ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። በእውነቱ መሪጌታ መጨመራቸውን ስሰማ "ምን ሊያደርጉ?" ብዬ ነበር። ስለ ስፒከር ምን ያውቃሉ ብዬ ነው።

በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅን አልፈን ስንሄድ መሪጌታ ከጋቢያቸው ውስጥ ስልካቸውን አወጡና "እኔም አንድ ነገር ይዣለሁ" አሉ። በደብራቸው ክብረ በዓል ቀን ራሳቸው የቀዱት ማኅሌት ነው። መምህርቷ በፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ፍላሹ ላይ ቀድሞ የእሷ ንባብና አንድ ተማሪያችን የመታው ክራር ነበረበት። እኔም እንደ አለቃ ሆኜ "የነጋዴውን ዘፈን አንሰማም። በየክፍሉ እነዚህኑ ሦስቱን እናሰማለን፤ ያኔ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው" ብዬ አስረዳሁ።

"ልክ ነው፤ በማያውቁት ዜማ አፍ መፍታት አይቻልም" አሉ መሪጌታ።

የመጀመሪያው ክፍል ሰማያዊ መብራት ይብለጨለጭበታል። ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ ስፒከሮች ቆመዋል። ሻጩ ገና ሳንቀመጥ ከፈተው። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚገባው፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨብጠው "ጎበዝ፣ ይሄ ድምፅ ነው ወይስ ግፊያ?" አሉ። ሻጩ ሳቀና ፍላሻችንን ሰካልን። የመምህርቷ ንባብ ጋን ውስጥ ገብታ የምታነብ ይመስላል። ክራሩም ታፍኗል። ሦስታችንም ተያይተን ወጣን፤ ለመስማማት አንድ ቃል እንኳ አላስፈለገንም።

ሁለተኛውን ክፍል የያዙት ግን እዚያው የሞጣ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ ኖረው አሁን ዕቃ የሚያስመጡ ሐጂ። ክፍላቸው ውስጥ ከጥቂት ወንበሮችና በእንጨት መቆሚያ ላይ ከተቀመጡ ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች በቀር ምንም የለም። "የምታሰሙትን የራሳችሁን ቅጂ ይዛችኋል?" ብለው ጠየቁ። "ይዘናል" ስንል ፊታቸው በራ። "እሰይ! እንዲህ ያለ ገዢ አላገኘሁም ነበር።"

ንባቡ ተከፈተ። መምህርቷ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ከፊት ለፊቴ ሌላ እሷ ቆማ የምታነብ መሰለኝ። ክራሩ ቀጠለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ደንዘዝ ያለ ሆነብኝ። ከዚያ ማኅሌቱ መጣ። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንሁ። ከበሮው አለ። የካህናቱ ድምፅ አለ። መቋሚያው መሬት ሲመታ ይሰማል። ጸናጽሉ ግን የለም።

ሲያልቅ እንደ ልማዴ ፍርዴን ሰጠሁ። "ሐጂ፣ የሰው ድምፅ ላይ ግሩም ነው። ቀጭኑን ድምፅ ግን አይችልም። ጸናጽሉን ጨርሶ ውጦታል።"

መምህርቷ መሪጌታን አየች። መሪጌታ ሐጂን አዩ።

"ጋሼ፣" አለች መምህርቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጸናጽሉ እኮ አለ።"

"የቱ ላይ?"

"ሁሉም ላይ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።"

ምናልባት የተቀመጥሁበት ቦታ ይሆናል አልሁ። ቀጭን ድምፅ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ይህን በየዓመቱ ነው የማስተምረው። ወንበሬን ወደ መሐል አመጣሁና እንደገና ይከፈት አልሁ። ሐጂ ከፈቱ። ከበሮው፣ ድምፁ፣ መቋሚያው። መሪጌታ ሳያስቡት ጣታቸውን ከጸናጽሉ ጋር ያወዛውዛሉ። እኔ ጣታቸውን አያለሁ እንጂ የሚከተሉትን ነገር አልሰማም። "አዎ፣ አሁን መጣ" አልሁ። ውሸቴን ነው። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ክፍል ገባን። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ሻጮች ናቸው፤ ዕቃቸው ያብረቀርቃል። ማኅሌቱ ተከፈተና ጸናጽሉ መጣ! በግልጽ፣ ልክ በልጅነቴ እንደማውቀው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። "ይሄ ነው! አላልኋችሁም? ይሄ ነው እንጂ መሣሪያ!" ብዬ ዞር ስል መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ ጆሯቸውን ሸፍነዋል። መምህርቷ ፊቷን አጨማድዳ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ሰብስባለች።

"ኧረ ይቀንሱልን፣" አሉ መሪጌታ ለሻጮቹ፤ "ይሄ ጸናጽል ሳይሆን ሞረድ ነው።"

ያኔ ገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ቆሜ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ጥራት እየነገረኝ፣ አንድም ቃል ሳላዳምጥ ገባኝ። ጥፋቱ የሐጂ ስፒከር አይደለም።

"ትንሽ ልንሸራሸር" ብዬ ለብቻዬ ወደ ሐጂ ክፍል ተመለስሁ። እሳቸው ብቻቸውን ሽቦ ይጠቀልላሉ። በሩ ላይ ቆምሁ። እሳቸውም ገብቷቸው ስልካቸውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙና "ይቀመጡ መምህር" አሉ። አንድ ወፍራም ድምፅ ለቀቁ፤ እንደ ንብ እምም የሚል። ከዚያ ቀስ እያሉ ያቀጥኑት ጀመር። ወደ ፉጨት ተለወጠ። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ።

"አጠፉት?" አልሁ።

ሐጂ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ጣታቸው ስልኩ ላይ አሁንም ወደ ላይ እየሄደ ነው። ብዙ ሄደ። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጬ የሰውዬውን ጣት ሳይ የነበረው ጊዜ ረጅም መሰለኝ። በመጨረሻ አቆሙና "እኔ እዚህ ላይ ጠፋብኝ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ወጣት ከዚህም በላይ ይሰማል" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ይሆን?" አልኋቸው። ሞኝ ጥያቄ ነው፤ እሳቸው በምን ያውቃሉ?

"ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሲሄድ አይነግርም" አሉኝ።

ውጭ ወጥቼ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ከመስጊዱ የቀትር አዛን ይሰማል፤ እሱን እሰማዋለሁ። ሚኒባሶቹ "ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!" ይላሉ፤ እሱንም እሰማለሁ። የሚሰማኝ ሁሉ ሙሉ ነበር፤ ጉድለት ያለው አይመስልም። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ጨለማ ቢሆን ጨለማ መሆኑ ይታያል። ይሄ ግን ምንም አይመስልም።

ከዚያ ያለፉት ዓመታት አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ "የዛሬ ካህናት ጸናጽል አያያዝ ረስተዋል" እያልሁ በልቤ ስወቅስ ኖሬአለሁ። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ሁልጊዜ የታፈነ ይመስለኝና ሚክሰሩ ላይ የቀጭኑን ድምፅ መጨመሪያ፣ ትሬብሉን፣ እስከ ጫፍ እከፍተዋለሁ። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ሲይዙ ሥርዓት ማጣት መስሎኝ እቆጣ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በጣቶቿ ጆሮዋን ደፍና ባያት ከሰልፍ አስወጥቼ ሰው ፊት አቁሜያታለሁ። "ቲቸር፣ ያማል እኮ" ነበር ያለችኝ። መልስ መስጠቷ ደግሞ ይብስ አናዶኝ ነበር። ልጅቱ በዚያው ዓመት ቤተሰቦቿ ሌላ አገር ሄደው ተከትላቸው ሄደች። በኋላ ወዴት እንደሄዱ ጠይቄ ነበር፤ በትክክል የነገረኝ ሰው የለም።

መሪጌታና መምህርቷ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሻይ አዘዝን። ለጥቂት ጊዜ ስለ ዕቃው አወሩ። በመጨረሻ እኔው ተናገርሁ።

"ጸናጽሉን አልሰማሁትም። መጣ ያልኋችሁም ውሸት ነው። ጆሮዬ ሄዷል።"

መምህርቷ ዐይኗ እንባ አቀረረ። "ጋሼ፣ እኔ ከአምና ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ትሬብሉን ሲከፍቱት እርስዎ ዞር ሲሉ እኔ እቀንሰው ነበር። ልነግርዎ እያልሁ አፍሬ ነው።"

ይህ ከሁሉ በላይ ወጋኝ። ተናደድሁባትም፣ አመሰገንኋትም። መሪጌታ ሻያቸውን ፉት አሉና "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አሉ። ተረቱን የምናውቀው ሰው በሌለበት ስለሚታማ ነገር ነው። እሳቸው ግን ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ የገዛ ጆሮዬ እኔው ሳላውቅ እንደ ባዳ የከዳኝ መሆኑን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ደግነቱ እሳቸውም አልሳቁም። "እኔም ጥርሴ ካለቀ ወዲህ አንዳንድ ፊደል አይወጣልኝም" ብለው ቀጠሉ። "ተማሪዎቼን 'እናንተ በሉት፣ እኔ ልክ መሆኑን እነግራችኋለሁ' ብያቸዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኋቸው ቀን ሞት ነበር። ሁለተኛው ቀን ግን ያው ማስተማር ነው።"

"ታዲያ የትኛውን እንግዛ?" አልኋቸው።

"የሐጂን" አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

"እኔ የወደድሁት የሦስተኛውን ነው፤ ስለዚህ የሐጂ መሆን አለበት" አልሁ። መምህርቷ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት አዳምጠው እንደመረጡ፣ እኔ ግን ቀጭን ድምፅ መስማት ስለተሳነኝ ፍርድ እንዳልሰጠሁ አሰፈርሁ። ርእሰ መምህሩ አንብቦ "ይሄን መጻፍ የግድ ነው?" አለኝ። "የግድ ነው" አልሁት። የሚኒ ሚዲያውን ቁልፍም በዚያው ቀን ለመምህርቷ አስረከብሁ።

ለባለቤቴ የነገርኋት ራት እየበላን ነው። ጉርሻዋን ሳታቋርጥ "ለዚህ ነው ሞጣ ድረስ የሄድኸው? እኔ በነፃ እነግርህ ነበር" አለችኝ። የማንቂያ ሰዓቴ ሲጮህ የምታጠፋው እሷ ናት፤ ለካ እኔ የምነቃው በሰዓቱ ሳይሆን በእሷ መነሣት ነው። በኋላ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሄጄ ተመረመርሁ። ሐኪሟ የዕድሜ ነገር መሆኑንና ከእንግዲህ ብዙ ጩኸት ካለበት መራቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ማዳመጫ መሣሪያ ብሞክር ሊጠቅመኝ እንደሚችልም ነገረችኝ። እስካሁን አላደረግሁም። ላደርግ ነው።

ዘንድሮ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የድምፅን ምዕራፍ ሳስተምር ያንኑ የሐጂን ዘዴ ወደ ክፍል ይዤ ገባሁ። "ድምፁን እስከሰማችሁ ድረስ እጃችሁን አውጡ፤ ሲጠፋባችሁ አውርዱ" አልኋቸው። እኔም ከፊታቸው ቆሜ እጄን አወጣሁ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። መጀመሪያ የወረደው የእኔ እጅ ነው። ሳቁ። ቀጥሎ ሳቁ ቀዘቀዘ፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን እንዳወጣ እኔን ያየኝ ጀመር።

"አሁንም አለ?" አልኋቸው።

"አለ ቲቸር!"

"ምን ይመስላል?"

ከኋላ ያለው "እንደ ትንኝ" አለ። "አይደለም፣ እንደ መርፌ ነው" አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ድምፅ እንዴት መርፌ ይመስላል ብላ ተከራከረቻት። ጠመኔውን አንሥቼ የሚሉትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርሁ።