እትዬ ቆዩ እና የልጄ ጉንጭ

ያን ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ዝናብ ሲጥል ጸጉር ቤት ሰው አይመጣም፤ ማን ከፍሎ ያሠራውን ጸጉር ደጅ ሲወጣ ሊያበሰብሰው? ያጠብኳቸው ፎጣዎች አልደርቅ ብለው በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰጥተዋል። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ደንበኛ ስታጣ፣ እንዲሞቃት ብላ ራሷ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ገብታ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ጥግ ደግሞ እትዬ ቆዩ ብሩሾቻቸውን አንድ በአንድ በሳሙና ያጥባሉ። የሰው ፊት ባይነኩበትም በየቀኑ ያጥቧቸዋል።

እትዬ ቆዩ ሜካፕ ሠሪ ናቸው። ስማቸው ይህ አይደለም። አዲስ ደንበኛ መጥታ ወንበራቸው ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያ ቃላቸው «ቆዩ» ስለሆነ ነው እንዲህ የተባሉት። የሴትየዋን እጅጌ ይሰበስቡና ልትቀባው ካሰበችው ነገር የምስር ፍሬ የምታህል አንሥተው ከክርኗ መታጠፊያ ላይ ያደርጉላታል። ከዚያ «በሉ ይሂዱ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ» ይሏታል። ነገ ሠርግ ያለባት ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። ግማሾቹ እየተሳደቡ ይወጣሉ። ባለቤቷ «እኔ ብሆን ይህን ጊዜ ሦስት ፊት ጨርሼ ነበር» እያለች ታሽሟጥጣለች። እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም።

ይህ ሁለት ቀን ከየት እንደመጣ ሁላችንም ማወቅ እንፈልግ ነበር። ከጸጉር ሠሪዎቹ አንዷ «ድሮ ነርስ ነበሩ» ትላለች። ሌላዋ «የሙሽራ ፊት አቃጥለው ነው፣ እሱን ሲፈሩ ነው» ትላለች። እኔ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አጣቢ ነኝ፤ እስከዚያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጸጉርና የሰው ፎጣ አጥቤያለሁ፤ ጥያቄ ማብዛት ከሥራዬ አልተቆጠረም። ልቤ ግን ያብሰለስለው ነበር።

በሩ ተከፈተና የመጨረሻ ልጄ ገባች። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ተጠቅልላለች።

«እማ፣ ሜካፕ እፈልጋለሁ» አለች፣ እንደምን ዋላችሁ እንኳን ሳትል።

ባለቤቷ ከካስኩ ሥር ብቅ አለች። «እሰይ! እናትሽ ስንት ዘመን ያላመጣችውን ደንበኛ አንቺ በዝናብ ይዘሽልኝ መጣሽ።»

የልጄ ቆዳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቶሎ ይቆጣል። ሳሙና ሲቀየር ይቆጣል፣ ሱፍ ሲነካት ይቆጣል፣ ሲሞቃትም ስታለቅስም ያው ነው። ጉንጯ ይቀላና ይሻክራል፣ ከዚያ ይላላጣል። የክፍል ጓደኞቿ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ደግሞ ማን በጥፊ አጮለሽ?» ይሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ ቲያትር ያሳያል፣ ልጄም በሌባ ላይ የምትፈርደውን የዳኛዋን ቦታ አግኝታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ኋላ መቆም የለመደች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ልትቀመጥ ነው። የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ይቀባሉ። አስተማሪያቸው አንድ ሳጥንና አንድ ብሩሽ አላት፤ በዚያች ብሩሽ አሥራ አራት ፊት ታዳርሳለች። ያ ብሩሽ ቢነካት ምን እንደሚሆን ልጄ ታውቃለች። ካልተቀባች ደግሞ በዚያ ሁሉ መብራት ሥር ጉንጯ ሊታይ ነው።

«ሳልቀባ አልወጣም» አለች። «ዳኛዋን ለሌላ ልጅ እሰጣታለሁ።»

ቲያትሩ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ «ተዪው ልጄ፣ ይህ ነገር ለእኛ አልተሠራም» ልላት አፌን ስከፍት እትዬ ቆዩ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ነይ እስቲ ወደ መስኮቱ። ሻርፑን አውልቂው።»

ፊቷን አልነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዕቃ ሊገዛ እንደመጣ ሰው፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ አዩት።

«ምን ትታጠቢያለሽ?»

«የእማን ሳሙና።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የፎጣውን?»

እሱኑ ነበር።

«መልካም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እሱን ተዪው። አሁን ስሚኝ፣ የኔ እመቤት። አሥራ ሦስት ቀን አለን፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ቀን። ስንት መሞከር እንችላለን?»

«ስድስት። አንድ ቀን ይተርፋል» አለች ወዲያው። ከዚያ አሰበችና «ለምን ሁለት ሁለቱን አንሞክርም? አንዱን በቀኝ ክንዴ፣ አንዱን በግራ?»

«ሲያሳክክሽ ታኪያለሽ። ጥፍርሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። ያኔ ሌባውን ከጎረቤቱ መለየት ያቅተናል።»

ይህ መልስ ልጄን ደስ አላት። ደብተር አወጣችና መስመር አሠመረች፦ የዕቃው ስም፣ የተቀባበት ሰዓት፣ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን። በብልቃጦቹ ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የእሷ ሥራ ሆነ። እኔ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስለተውኩ ከእሱ ጽሑፍ አንዱም አይገባኝም፤ የእትዬ ቆዩም ዓይን ደክሟል። እሷ ፊደል በፊደል ትጠራለች፣ እሳቸው ይሰማሉ፤ ሽቶ የሚል ቃል ሲደርስ «መልሺው ወደ ሳጥኑ» ይላሉ። የማጥብበትን ውኃ ዘግቼ አዳምጥ ነበር። በየቀኑ አቧራውን የምጠርገው ብልቃጥ ውስጥ ይህን ያህል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ፊት ሁሉ ላይ የሚቀባው ፋውንዴሽን ነበር። በሁለተኛው ቀን ክንዷ ላይ ቀያይ ነጥቦች ወጡ። እኔ አዘንኩ። እሷ ግን ክንዷን ዘርግታ እየሮጠች መጣች። «እማ፣ እዪ! አራት ናቸው! ትላንት ሁለት ነበሩ!» ያገኘችው በሽታ ሳይሆን ሳንቲም ይመስል ነበር። የቅንድብ እርሳስ ተሞከረ፤ «ደህና» ብላ ጻፈች። ሊፕስቲክ ተሞከረ፤ «ደህና፣ ግን ሲበሉ ይለቃል»። ፓውደሩ አንድ ቀን እንኳን አልሞላም፣ አሳከካት። እትዬ ቆዩ ክንዷ እንዲያርፍ አንድ ቀን ሰጡና፣ ሽቶ የሌለበት ፋውንዴሽን ከመድኃኒት ቤት አስመጡ። እስኪመጣም ሁለት ቀን ፈጀ። ቲያትሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ብልቃጡን ሰጡኝ።

«ማታ ከታጠበች በኋላ ክንዷ ላይ አድርጊላት። ሁለት ቀን ይበቃናል።»

ችግሩ በማግስቱ ዋናው ልምምድ መሆኑ ነው፤ ልብሱም ቅባቱም እንደ ዕለቱ ነው። ልጄ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ያንን ፊት ማዞር አውቀዋለሁ። ያን ቀን እትዬ ቆዩ ብልቃጡን በሰጡኝ ጊዜ፣ ፎጣ እያጠብኩ ሳለ፣ ከራሴ ክንድ ላይ ቀብቼው ነበር። እስኪመሽ ምንም አልሆነም፤ ሲነጋም ምንም የለም። ከእኔ የወጣች ልጅ ናት፣ ቆዳዋ ከየት ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ጠዋት «ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነው» አልኳትና በገዛ እጄ ፊቷን ቀባሁ። መስተዋት ፊት ስትቆም ጉንጯ እንደ ሰው ጉንጭ ነበር። ደስታዋን አልረሳውም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አስተማሪዋ ደወለችልኝ።

ስደርስ የዓይኗ ቆብ አብጦ ግማሽ ዓይኗ ተከድኗል፤ ጉንጯ ፍም ሆኗል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ቅባት ሰጡንና ጉንጯና ዓይኗ ድነው እስኪያልቁ ሌላ ምንም ነገር እንዳይነካቸው አሉ። ከዚያ ወደ ጸጉር ቤቱ ይዣት ሄድኩ። የት እሄዳለሁ? የቀኑ ፎጣ አላለቀም።

እትዬ ቆዩ ፊቷን አዩና ደብተሩን ተቀበሉ። አምስተኛው መስመር ባዶ ነው።

«ይህን መቼ ሞከራችሁት?»

«እማ ሞክራዋለች» አለች ልጄ። ከዚያ በዚያች ግማሽ ዓይኗ አየችኝ። «እማ፣ በማን ክንድ?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እትዬ ቆዩ ክንዴን ያዙና በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «ይሰማሻል?»

«ትንሽ።»

ባለቤቷ ጸጉር ከምትቆርጥበት ሆና ጮኸች። «ይህ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት በረኪና ሲጠጣ የኖረ ክንድ ነው! እሳት ቢያዳፍኑበት 'ለብ አለኝ' ነው የምትለው!»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቁ ፊቷን ሲወጥረው አመማትና አለቀሰች። «አልወጣም» አለች። «ለዚያች ለረጅሟ ልጅ ንገሩልኝ። የዳኛዋን ንግግር በቃሏ ይዛዋለች።»

ሰው ልጁን የሚጎዳው በክፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ቆዩ አልተቆጡኝም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ጨመቁና ፊቷ ላይ ጣል አደረጉላት። ከዚያ ከጨርቁ ሥር ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ ሁለት ቀኑን ማን አስተማረዎት?»

እኔ ስንት ዓመት ያልደፈርኩትን እሷ ተኝታ ጠየቀችው። ባለቤቷ እንኳን መቀሱን አቆመች።

«ግድግዳ» አሉ እትዬ ቆዩ።

«የምን ግድግዳ?»

«እኔ አሥራ ሰባት ዓመት የቤት ቀለም ሻጭ ነበርኩ። ሰው ይመጣል፣ ቤቱን ሙሉ ቀብቶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ቀለሙ ተልጦ ተልጦ እየጮኸ ይመለሳል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ እርጥበት አለው። ቢጨንቀኝ 'ክንድ የምታህል ቦታ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ቆዩ' ማለት ጀመርኩ። ግድግዳ ቶሎ አይናገርም፣ ሁለት ቀን ከሰጡት ግን አይደብቅም። ሱቁ ሲዘጋ ቀለም መቀየጥ እንጂ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም፤ ወደ ፊት ዞርኩ።»

«ታዲያ እኛ ለእርስዎ ግድግዳ ነን?» አለች ባለቤቷ።

«አንቺ እንኳን አጥር ነሽ።»

ጨርቁ ተንቀጠቀጠ፤ ልጄ እየሳቀች ነው። ነርስም አልነበሩ፣ የተቃጠለች ሙሽራም የለች። ስንት ዓመት ያወራነው ሁሉ ከንቱ።

ሳቁ ሲያልቅ እትዬ ቆዩ «ደብተርሽ ላይ ደህና የተባሉት ስንት ናቸው?» አሏት።

«ሁለት። እርሳሱና ሊፕስቲኩ።» ጨርቁን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች። «ጉንጬስ?»

«ጉንጭሽ ፈቃድ ወጥቷል። ሥራ አይገባም።»

«ሰው ያየዋል።»

«ያየዋል» አሉ። አልዋሿትም። «መውጣትና አለመውጣቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ከነገ ወዲያ በስምንት ሰዓት እርሳሱን ቀርጬ እዚህ እቀመጣለሁ።»

ሁለቱን ቀን ከጤና ጣቢያው ቅባትና ከቀዝቃዛ ጨርቅ በቀር ምንም አልነካናትም። እኔም ውጪ አላልኳት፣ ቅሪ አላልኳት፤ ያንን የማለት መብት በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ። ምሳ ሠርቼ አቀርባለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ። እብጠቱ ጎደለ። ቅላቱ ቀለል አለ እንጂ አልሄደም።

በዕለቱ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፈተ። ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ሻርፕ የላትም። ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ወሰንሽ?» አሉ እትዬ ቆዩ።

«የረጅሟ ልጅ ድምፅ ቀጭን ነው። ትላንት ሰማኋት። ሌባው አይፈራትም።»

እትዬ ቆዩ ቅንድቧን ወፈርና ቀጥ አድርገው ሣሉላት። እሷ መስተዋቱን ተቀብላ መረመረችው። «የግራው ትንሽ ከፍ ይበል። ዳኛዋ ስትጠራጠር እንዲህ ነው የማደርገው።» ከፍ አደረጉላት። ከንፈሯን በስሱ ቀቡላት። ጉንጯ ላይ ምንም የለም፤ ቀላ እንዳለ፣ ላጥ ላጥ እንዳለ ነው።

ረጅም ጊዜ ራሷን አየች።

«ያው ነው» አለች።

«ያው ነው።»

«ግን መጀመሪያ ያየሁት ቅንድቤን ነው» አለችና ከወንበሩ ወረደች።

እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ልጄ ጥቁር ካባ ለብሳ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች፤ ሌባው ያስተባብላል፣ እሷ የግራ ቅንድቧን አንሥታ ትሰማዋለች። እኔ ከቆምኩበት ጉንጯ አይለይም፤ ሁሉም ፊት አንድ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ግን ሳያዩት አልቀሩም፤ አንድ ልጅ የሆነ ነገር ተናግሮ ጥቂቶች ሲስቁ ሰማሁ። እሷ ሌባውን ተወችና ቅንድቧን ወደዚያ ልጅ አዞረች። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ የተሳቀው በልጁ ነው። ከዚያ ተነሥታ ፈረደች። ስንት ዓመት እንደፈረደች አልሰማሁም፤ አጠገቤ ያለች ሴትዮ ትናፈጥ ነበር።

ማታ ቤት ስንገባ ለብ ባለ ውኃ ሳትፈትግ ታጠበች። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ ባዶ የቀረውን አምስተኛ መስመር ሞላችው። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ ይህ እንኳን አላቃተኝም። «የእማ ክንድ፦ አይቆጠርም» ይላል። እውነት ነው። በሚቀጥለው ቀን ለስድስተኛው መስመር ከእትዬ ቆዩ ጋር ሌላ ብልቃጥ ስትመርጥ አገኘኋት፤ ፊቷ ገና ስላልዳነ የሚጀምሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

አሁን ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ያው አጣቢ ነኝ፤ ጓንት አደርጋለሁ። እትዬ ቆዩ ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቅንድብ መሣል ትተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ጥግ ይቀመጣሉ፤ ሴቶች እየመጡ ክንዳቸውን ያሳዩዋቸዋል፣ እሳቸውም አይተው ወይ «ደህና ነው» ይላሉ፣ ወይ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።