የመሀሉ ግራጫ

የሥራ ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉታል። ችሎት እንኳ ገብቶ አያውቅም፤ እንጀራው ለሳይንስ ካርታ ቀለም መምረጥ ነው። ባሕሩ ከወትሮው ከሞቀ ቀይ፣ ከቀዘቀዘ ሰማያዊ፤ እንደ ወትሮው ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ ለማንም የማያዳላ ፈዛዛ ግራጫ። ይህ ግራጫ ቅንጣት ታህል ወደ ሌላ ቀለም ካዘነበለ፣ ደህናው ባሕር ችግር ያለበት ይመስላል።

ኮምፒዩተሩ ለየቀለሙ ቁጥር ይሰጣል። እሱ ግን «ካርታውን የሚያየው ሰው ነው፤ ቁጥር ዓይን የለውም» ባይ ነው። ቀለሞቹን አትሞ፣ በመቀስ ቆራርጦ ይደባልቃቸዋል፤ ከዚያ በዓይኑ ብቻ ይደረድራቸዋል። የመጨረሻው ፍርድ የዓይኑ ነው።

ዘንድሮ ሐኪሙ እንቅጩን ነገረው፦ «የዓይንዎ ነርቭ እየደከመ ነው። የጠፋው ቀለም አይመለስም።» ዳኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዕድሜ ልኩን ያበላውን ዓይን በአንድ ሰው ቃል እንዴት ይክሰሰው?

አንድ እሑድ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሚስቱን ጠራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ከጨርቅ ስታዛምድ ነው የኖረችው።

«እስቲ እዪልኝ፤ መሀሉ ግራጫ ነው አይደል?»

ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ እሱን አየችው። «ግራጫ ነው» አለች።

ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ሲቀልድ ዋለ። በማግስቱ ሥራውን አስረከበ፤ ካርታውም ታተመ።

ከዚያ አንዲት ወጣት ባልደረባው ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች። «ጋሼ፣ መሀሉ አረንጓዴ ነው።»

«ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይም አረንጓዴ ነው።»

የካርታው ነገር አንድ ቀን ይታረማል። ሚስቱ ግን በቀለም አትሳሳትም፤ ያቃጠለው ይሄ ነው።

ቤት ሲገባ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች።

«ያን ቀን አረንጓዴ መሆኑን አይተሻል?»

የመኪናውን መርገጫ አቆመች። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ፊትህን አየሁዋ። እንዲያ ዓይን ዓይኔን እያየኸኝ ምን ልበልህ? ምላሴ እምቢ አለኝ።»

ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው አልመጣ አለው። የመጣው ሐዘን ነው፤ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ያላዘነውን ሁሉ አሁን አዘነ። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከእንግዲህ አትዘኝልኝ» አላት። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

ቀሚሷን ጫፉ ላይ ያዝ አደረገው። አምና እሱ ነው ጨርቁን መርጦ ያመጣላት።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ» አለች።

«እኔ ግራጫ ብዬ ነው የገዛሁት።»

«አውቃለሁ። ስለብሰውም ‹ግራጫ ያምርብሻል› ብለኸኛል።»