ሱንዱስ ለአባቷ ያሰማችው ኢንሱሊን

በእኛ ገበያ፣ ዱባይ ተራ፣ ስፒከር ሻጩ ብዙ ነው፤ ሱንዱስ ግን አንድ ናት። እኔ የሺ፣ ከሱቋ ፊት ለፊት ጫማ የምሸጠው፣ ሰው ማድነቅ ብዙም አይሆንልኝም። እሷን ግን ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምራ ስታበቃ የአባቷን ሱቅ ልትይዝ መጣች፤ ትምህርቷንም ቤት ጥላው አልመጣችም።

አባቷ ጋሼ ሙህዲን ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል፣ ሐኪሙ ኢንሱሊን ካልጀመሩ እግራቸው ሊቆረጥ እንደሚችል ነገራቸው። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። በእኛ ተራ ስፒከር ሳይከፈት አይሸጥም፤ ጋሼ ሙህዲን ደግሞ በገዛ ጆሯቸው ያልሰሙትን ዕቃ ሱቃቸው አስገብተው አያውቁም።

"ያልሰማሁትን ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም" አሏት። "ደሞ ፋብሪካ የሠራው ነው። ኦርጅናል ይሁን ኮፒ በምን አውቃለሁ?"

እኔ ብሆን ቆሽቴ አርሮ ሱቁን ጥዬ እሄድ ነበር። ሱንዱስ ግን ቃላቸውን እንዳለ ተቀበለች። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን ማለት ደግሞ እንደ ጨሌ በክር የተሰካ ነገር ነው አለችኝ፤ ፍሬዎቹም ሃያ ዓይነት ናቸው። የባቲ ቅኝትን አምስት ድምፆች ከወፍራም እስከ ቀጭን በአራት እርከን ደርድራ ለእያንዳንዱ ዓይነት ፍሬ አንድ ድምፅ ሰጠችው፤ ድምፆቹንም ፍሬዎቹ በተሰኩበት ቅደም ተከተል አስኬደቻቸው። ኢንሱሊን ሁለት ክር ነውና አንዱን በክራር፣ ሌላውን በዋሽንት አደረገች፤ ሁለቱ በሚያያዙበት ቦታ ከበሮ አስገባች። ይህን ሁሉ የሠራችው ደንበኛ እያስተናገደች፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

አንድ ጠዋት ትልቁን ስፒከር ከፈተችላቸው።

"ይሄ ሰውነታችን የሚሠራው ነው፣ አባባ። እርስዎን አልበቃ ያለዎት እሱ ነው።" ሲያልቅ ሌላውን አስከተለች። "ይሄ ደግሞ ፋብሪካው የሠራው፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎ ብልቃጥ ውስጥ ያለው።"

ጋሼ ሙህዲን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። "ድገሚው" አሉ። ደገመችው። ያ ጆሮ ስንቱን ፎርጅድ ዕቃ አጋልጧል! ልዩነት እየፈለጉ መሆኑ ስለገባኝ ደንበኛዬን በአንድ እግሩ ጫማ ትቼው በራቸው ላይ ቆምኩ። ክራሩ ያው፣ ዋሽንቱ ያው፣ ከበሮውም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

"አንድ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ኦርጅናል ነው።"

ሸሚዛቸውን ከሆዳቸው ላይ ገለጡ። ያቺ ሁሉን በጥበብ የሠራች ልጅ መርፌውን አንስታ ሆዳቸው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዓይኗን እንባ ሞላው። እኔም አላስቻለኝም። እሳቸው ግን ተቆጡ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ሰምቼዋለሁ እኮ!"