ደረቁን ገለባ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ

ዶክተር አሰግድ በነሐሴ ዝናብ መካከል፣ ማክሰኞ ጧት፣ ወረታ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለወዳጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ በሐዘን እገልጻለሁ። በኑዛዜያቸው መሠረት በማግሥቱ ቁሐር ሚካኤል ተቀብረዋል። ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። መልካም መልካሙን ብቻ ጽፎ መጨረስ ይቻል ነበር፤ እርሳቸው ግን እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ አይፈርሙም ነበር።

ዶክተር የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከአዲስ አበባ ተዛውረው ሲመጡ በመኪና ጭነው ያመጧቸው ነጫጭ አይጦች የወረታ መሳቂያ ሆኑ። ገበያተኛው «ፎገራ አይጥ አንሷት ነው?» ይል ነበር። እኔ የቁሐር ቄስ ልጅ፣ እነዚያን አይጦች ልመግብና ልጠብቅ ተቀጠርኩ።

ጥያቄያቸው ከራሳቸው ሐዘን የተነሣ ነበር። ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት ድዳቸው እየደማ እህል አላስቀምስ ብሏቸው እንደነበር አጫውተውኛል። ሐዘንና ጭንቀት የአፍን ባክቴሪያ ይለውጥ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ አይጦቹን ለሁለት ከፈልናቸው። አንደኛው ወገን በሰላም ይኖራል። ሌላው ለሳምንታት እንዲጨነቅ ይደረጋል፤ የሚኖርበት ሳጥን ይዘነበላል፣ መብራቱ ባልተጠበቀ ሰዓት ይበራል፣ የሚተኛበት ሰጋቱራ በውኃ ይርሳል። ድባቴ የያዘው አይጥ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ቢቀርብለት እንኳ ከተራው ውኃ አያስበልጠውም። ከዚያ ዶክተር የአይጦቹን አፍ በጥጥ ጠርገው፣ ጥጡን በመስታወት ሳህን ላይ አስነክተው የሚበቅለውን ባክቴሪያ ያያሉ። አይጧን በመዳፋቸው ይዘው «ይቅርታ እመቤት፣ አንድ ጊዜ አፍሽን» ይሏት ነበር።

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ክረምት ውኃው ሜዳውን ሲሞላው፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት የከብቱ ማደሪያ ይደርቃል። እንስሳን በእርጥብ ማሳደር ነውር ነው፤ አባቴማ ኃጢአት ነው ይሉ ነበር። ዶክተር ሰጋቱራውን አርሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ ከቤት ባመጣሁት ደረቅ የሩዝ ገለባ እለውጠዋለሁ። ጧት ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ እርጥቡን እመልሰዋለሁ።

ሳምንታቱ አለቁ። ተጨንቀዋል የተባሉት አይጦች ስኳሩን ተሻምተው ጠጡ፤ አፋቸውም ከሌሎቹ አልተለየም። ዶክተር ጥፋቱን ከራሳቸው ሥራ ላይ ፈለጉት። ሳህኖቹን እንደገና ቀቀሉ፣ ጥጡን ለወጡ፣ በመጨረሻም ጥያቄው ባዶ ነበር ብለው ለበላዮቻቸው ሊጽፉ ተቀመጡ። ብዕሩን ይዘው ሳይጽፉ ሲቆዩ ባይ አላስቻለኝም፤ ነገርኳቸው።

ብዕሩን አስቀመጡ። ኋላ «ያዘንሽላቸው መስሎሽ አይጦቹ ሊነግሩኝ የነበረውን ወሰድሽብኝ» አሉ። የሙከራውን መዝገብ ገልጠው ሰጡኝና «መራራት ካለብሽ በመዝገብ ራሪ። ያደረግሽውን ጻፊ» አሉኝ። እያለቀስኩ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ግምገማ አንዱ ተነሥቶ ዶክተር በመንግሥት ሀብት አይጥ እያጫወቱ ነው አለ። ሥራውን ያበላሸው ሰው ስሙ ይጠራ ተባለ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ዶክተር ብድግ ብለው «ገለባው የተነጠፈው እኔ በምመራው ቤት ነው፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። የሚጠብቁት እድገት በዚያው ቀረ። መዝገቡን ልየው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሥራውን እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ጊዜ እርጥቡን ሳልለውጥ ተውኩት። አይጦቹ ስኳሩን ናቁት፣ ጥግ ይዘው ተኮማተሩ፤ ከአፋቸው የበቀለውም በሰላም ከኖሩት የተለየ ሆነ። ዶክተር አልፈነጠዙም፤ አንዲት ክፍል ሙሉ አይጥ የሰውን ሐዘን አትፈታም አሉ። እኔ ግን አላረፍኩም፤ ዛሬም አላረፍኩም። እውነቱ እንዲገኝ ከለከልኩ፣ ደግሞ እውነቱ ሲገኝ አይጦቹን ከዳሁ። በተገናኘን ቁጥር በእርጥብ ሳያሳድሯቸው ማወቅ አይቻልም ነበር ወይ ብዬ እሟገታቸው ነበር። እርሳቸውም «እንግዲያስ መንገዱን ፈልጊና ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር። አልነገርኳቸውም፤ አላገኘሁትማ።

ዶክተር፣ ረቡዕ ዕለት መቃብርዎ ተቆፍሮ ሲያልቅ ከሥሩ ውኃ አፈለቀ። ቆፋሪዎቹ በባልዲ ቢቀዱት ቢቀዱት አላልቅ አላቸው፤ ክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል ተባለ። እኔ ከጎረቤት ቤት ደረቅ ገለባ ተሸክሜ መጣሁ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ወግ የለም ብለው አጉረመረሙ፤ የሸመገሉት አባቴ ግን ጸሎቱን አቁመው እስክጨርስ ጠበቁኝ። እርጥቡ እንደማይሰማዎት አውቃለሁ። ቢሆንም በእርጥብ ላሳድርዎ አልቻልኩም። በመዝገብ ራሪ ብለውኛልና እነሆ ጻፍኩት፦ ደረቅ የሩዝ ገለባ፣ አንድ ሸክም፤ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። በደረቅ ይደሩ፣ ዶክተር።