ሲወርዱ የማይጠፋ መብራት

ቀጀላ ቱሉ ቢስክሌት ላይ ከሚቀመጥበት ጊዜ የሚወርድበት ይበዛል እያሉ የየካ ሰዎች ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ ውሸት አይደለም። ሽማግሌ ካየ ይወርዳል። ለቅሶ ከመጣ ይወርዳል። የካ ሚካኤል በር ላይ ሲደርስ ይወርድና ባርኔጣውን አውልቆ ይሳለማል። የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ አለቃ ከሩቅ ብቅ ካሉም ይወርዳል፣ እሳቸው ሳያዩት እንኳ ቢያልፉ።

ይኼን ያወረሱት አባቱ ናቸው። ኦቦ ቱሉ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ባለ በቅሎ ሰው ነበሩ። «ሰው ቆሞ፣ አንተ ተቀምጠህ እንደምን ዋላችሁ ማለት ስድብ ነው፤ ውረድና ሰላም በል» እያሉ ነው ያሳደጉት። ኋላ እሳቸውም አረፉ፣ በቅሎዋም ሞተች፣ ቀጀላም ከተማ ገብቶ በእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረና ያገለገለ ቢስክሌት ገዛ። በቅሎ ቀርታ ቢስክሌት ሲመጣ ደንቡ ተሽሯል ያለው ሰው ግን የለም። ቢኖርም ለቀጀላ አልነገረውም።

«ቀጀላ ቢስክሌቱን አይነዳም፣ ያጅበዋል» ይሉታል የመሰንጠቂያው ጓደኞቹ።

እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። አፉ ቶሎ የሚፈታ ሰው አይደለም። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቆምና፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው የሚመጣለት።

ይኼ ዓይነ አፋርነቱ አንድ ጊዜ ጎድቶታል። እህቱ ኢፍቱ ከሱሉልታ ደብዳቤ ላከችለት። ቀጀላ ማንበብ አያውቅም፤ አንብቡልኝ ብሎ ሰው ማስቸገሩን ደግሞ ፈራ። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ አራት ቀን አደረ። በአምስተኛው ቀን እንደምንም ብሎ ሲያስነብበው የእህቱ የሰርግ ጥሪ ነው። ሰርጉ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ ነው በ1956 ዓ.ም. አራት ኪሎ አጠገብ ለትልልቅ ሰዎች በተከፈተው የማታ ትምህርት የተመዘገበው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ከበሩ ተመልሶ በአራተኛው ገባ። ገብቶም ወደደው። ፊደል ሲቆጥር እንጨት ሲሰነጥቅ የሚያልበውን ያህል ያልበዋል፣ ግን ወደደው።

የትምህርቱ ደንብ አንድ ነው፤ ሦስት ቀን የቀረ ስሙ ይሰረዛል። ቀጀላ አንዱን ቀን ጎማ ፈንድቶበት ቀረ። አንዱን ዝናብ አስቀረው። አሁን የሚቀርበት ቀን የለውም።

በዚህ ላይ ነው የቀበና ድልድይ ላይ የሚቆሙት ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ገብረማርያም ያስቆሙት። «ስማ፣ ከሰኞ ጀምሮ በጨለማ ያለ መብራት የመጣ ቢስክሌት ጣቢያ ያድራል» አሉት። ቢስክሌቱ አንድ ቀን ጣቢያ ካደረ ደግሞ በማግስቱ ከየካ ማዶ ካለው መሰንጠቂያ በእግር ሮጦ አራት ኪሎ በሰዓቱ መድረስ የለም። ያ ሦስተኛው ቀን ነው። ስሙ ይሰረዛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ሾላ ገበያ ወረደ፣ አብዱልናስር ዘንድ። አብዱልናስር ቢስክሌት ጠጋኝ ነው። እጁ ቢስክሌት ይጠግናል፣ አፉ ገበያውን ያስቃል።

«ምነው፣ ቢስክሌቷ መብራት አማራት?» አለው።

«አዎ... እንትን... ፖሊሱ...»

«ገባኝ፣ አትድከም። ና ሙሽሮቹን ላሳይህ።»

ከመደርደሪያው ሦስት መብራት አውርዶ ጆንያ ላይ ደረደራቸው። የመጀመሪያውን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ይቺ አሮጊቷ ናት» አለ። «ከታች ነጭ ድንጋይ ትጨምርባታለህ፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከመሃል ጋዝ ይወጣና በክብሪት ይለኮሳል። ብርሃኗ አይጣል ነው። ሽታዋ ግን ከሚስትህ ያጣላሃል። ይቺኛዋ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ የምትበላ ናት። ሁለት ትውጣለች፣ ሲያልቅባት ጨምር ትልሃለች። ሆዷ ሰፊ ነው። ይኼ ግን፣ ወላሂ፣ ራሱን የቻለ ነው። ዲናሞ ይሉታል። ድንጋይ አይል፣ ውሃ አይል። ጎማው ላይ ተደግፎ ይዞራል። እግርህ እስካለ መብራትህ አለ!»

የቀጀላን ቢስክሌት ገልብጦ ዲናሞውን አሰረና ጎማውን በእጁ አዞረው። መብራቱ ቦግ አለ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሰዓዲያ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። አንድ አህያ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

ቀጀላ ምላሱ ጫፍ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረችው። «ሲቆምስ?» ሊል ነበር። ግን ሰው ተሰብስቧል። ሞኝ እባላለሁ ብሎ ዋጣት። ዲናሞውን ገዛ።

ሰኞ ማታ ከትምህርት ሲወጣ ደስታው ሌላ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁለቱን ሲለቀው ዲናሞው እንደ ንብ እዝዝ ይላል፣ ብርሃኑ ከፊቱ ይሮጣል። ድንጋዩን ያያል፣ ጉድጓዱን ያያል፣ መንገድ ላይ የተኛውን ውሻ ያያል። ውሻውም ያየዋል። ለብቻው ሳቀ። የዛሬን ፊደል ጮክ ብሎ እየጠራ ወረደ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ገብረማርያም ቆመዋል። ቀጀላ እንደ ልማዱ ዱብ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«መብራት የለህም!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አለኝ ጌታዬ።»

«የታለ?»

ቀጀላ መብራቱን አየው። እንደ ባለቤቱ አፍሮ ጨልሟል።

«አሁን... እዚሁ ነበር።»

«ነበር? ምነው፣ መብራትህ እንደ ውሻ ጥሎህ ሄደ?»

«ሲሄድ ይበራል ጌታዬ።»

«ሁሉም ሲሄድ ይበራል ካለኝ ማንን ልይዝ ነው? በል ሂድና ልየው።»

ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ፣ መብራቱ በራ፣ ዞሮ ተመለሰ። ሃምሳ አለቃው አጠገብ ሲደርስ ወረደ። ጠፋ።

«ለምን ትወርዳለህ አንተ ሰው?»

«እርስዎ ቆመው ጌታዬ...»

«እኔን ተወኝ! ሳትወርድ እለፍ!»

ቀጀላ እንደገና ሄደ። አሁንስ አልወርድም ብሎ ጥርሱን ነከሰ። እግሩ ግን የአባቱ ነው መሰል፣ ሳያዘው መሬት ረገጠ። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲያው ሆነ። ይኼኔ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ ከኋላ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እባክዎ ይቀመጡለትና ይለፍ!» ብሎ ሲጮህ ድልድዩ በሳቅ ተናወጠ።

ሃምሳ አለቃውም ሳቃቸውን በጺማቸው ስር ደበቁና፣ «ዛሬ ሂድ» አሉ። «ነገ ግን መብራቱ እዚህ ፊቴ በርቶ ካላየሁ ቢስክሌቱን አሳድረዋለሁ። ለሰው ሳቅ ብዬ ሥራዬን አልተውም።»

ቀጀላ ጆሮው እየጋለ አቀበቱን ወጣ። የካ ሚካኤል ሲደርስ ከቅጥሩ አንዲት አሮጊት ሲወጡ በብርሃኑ አያቸው። በዚያው አጠገብ ጎጆ ያላቸው መነኩሲት፣ እማሆይ አስካለች ናቸው። ለቤተክርስቲያኑም ለእሳቸውም ብሎ ወረደ። ጨለማ ሆነ። እማሆይም መጥተው ከጎማው ጋር ተጋጩ።

«በስመ አብ! ማነህ?»

«ቀጀላ ነኝ እማሆይ።»

«አሁን ብርሃን መጣልኝ ብዬ መንገድ ስጀምር ድርግም አለብኝ። ምን አገኘው?»

«ለእርስዎ ብዬ ወረድኩ።»

«እሰይ የኔ ልጅ» አሉ እማሆይ፣ በመቋሚያቸው ጎማውን እየዳሰሱ። «ታዲያ እኔን አክብረህ ጉድጓድ ልትከተኝ ነው?»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዲንቄ ሲነግራት አልጋው ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ስቃ ስቃ ሲበቃት እንባዋን ጠረገችና፣ «አለመውረድ ብትለምድስ?» አለችው።

ቀጀላ ባርኔጣውን ሰቀለ። «አባቴ የሚያየኝ ይመስለኛል» አላት።

«እንዲያ ከሆነ አንተ ተው፣ መብራቱ ይልመድ። ለአብዱልናስር ምን ብለህ ነበር?»

«መብራት ፈለግሁ።»

«በቃ? ስለ ቢስክሌቱ ነገርከው፣ ስለ ራስህ ግን ምንም አላልከውም። ነገ ሂድና "እኔ የምወርድ ሰው ነኝ" በለው። ሌላ ቃል አያስፈልግህም።»

በማግስቱ ቀጀላ ከመሰንጠቂያው በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣና ያንኑ እየደጋገመ ሾላ ደረሰ። እኔ የምወርድ ሰው ነኝ። እኔ የምወርድ ሰው ነኝ። አብዱልናስር ለመግሪብ ሊዘጋ ሳንቃውን እያነሳ ነው። ደጁ ላይ ሰው አለ። ቀጀላ ሰዉን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው። ፀሐይዋን አየ፣ ሄዳለች። አስተማሪው ስም ሲጠሩ ታየው። ድልድዩ ታየው።

«እኔ የምወርድ ሰው ነኝ!» አለ።

ድምፁን አልመጠነውም ኖሮ ግማሹ ገበያ ዞር አለ።

«ከየት?» አለው አብዱልናስር።

«ከቢስክሌት! ለሽማግሌ እወርዳለሁ። ለቤተክርስቲያን እወርዳለሁ። ለፖሊስ እወርዳለሁ። ለአንተም ይኸው ወርጃለሁ። ስወርድ ይጠፋል። ፖሊሱ ቢስክሌቱን ሊያሳድርብኝ ነው፤ እሱ ካደረ ከትምህርቴ እሰረዛለሁ።»

ይኼን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አያውቅም። አብዱልናስር መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ዲናሞውን መፍታት ጀመረ።

«ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ለመጣ ሰው ሁሉ ስንት መንገድ ትሄዳለህ እላለሁ። ስንቴ ትወርዳለህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም!»

ዲናሞውን መልሶ የባትሪ ድንጋይ የምትበላዋን መብራት መሪው ላይ አሰረለት። «እያት፣ ብትወርድም ብትወጣም ግድ የላትም። ይቺን ቁልፍ ጫን ስትላት ደግሞ ከማሰሪያዋ ትወጣለች፤ በእጅህ ይዘሃት ትሄዳለህ።»

«ዋጋዋ ከዚያኛው ይበልጣል?»

«ይበልጣል። ብልጫውን በጽሑፍ ክፈለኝ። ተማሪ አይደለህ? እኔ የቁርኣኑን ፊደል ነው የተማርኩት፣ የአማርኛው አይገባኝም። እዚህ ሳንቃ ላይ "መብራት አለ" በልልኝ።»

ጠመኔ ሰጠው። ቀጀላ ጠመኔውን አገላብጦ አየው። ከደብተሩ ውጭ ጽፎ አያውቅም፤ ሰው እያየው ደግሞ እንዴት ተደርጎ። ስድስት ፊደል ነው። «ራ» ላይ ቆሞ አሰበ። «ት» ወደ ጎን ዘመመችበት። «ለ» ላይ ሲደርስ ቦታ አልቆበት አሳነሳት። ጨርሶ ዘወር ሲል ላቡ ይወርዳል።

«ምን ይላል?» አለች ሰዓዲያ።

ማንም ሳይመልስላት ኮት የለበሰ አንድ መንገደኛ ሳንቃው ፊት ቆመና፣ «መብራት አለ» ብሎ አነበበ። ከዚያም ወደ አብዱልናስር ዞሮ፣ «የምን መብራት ነው ያላችሁ?» አለ።

አብዱልናስር ቀጀላን በክርኑ ጎሸመው። «አየህ? ተናገረ እኮ ሳንቃው!»

ቀጀላ ያን ቀን እንዴት አራት ኪሎ እንደደረሰ አያውቅም። አስተማሪው ስም እየጠሩ «ቀጀላ ቱሉ» ሲሉ እሱ ገና በር ላይ ነው። «አቤት!» አለ፣ ከበሩ። እንዲያ ጮክ ብሎ ሲመልስ ሰምተውት ስለማያውቁ ክፍሉ በሙሉ ዞረ።

ማታ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ገብረማርያም ቆመዋል። ቀጀላ ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። «እንደምን አመሹ ጌታዬ» አለ።

መብራቱ በርቷል። ሃምሳ አለቃ በግራ ዞረው አዩት፣ በቀኝ ዞረው አዩት፣ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። ጎማው ቆሟል። መብራቱ በርቷል።

«አይጠፋም?»

«አይጠፋም ጌታዬ።»

«እንግዲህ እንደልብህ ውረድ» አሉና እጃቸውን ወደ ቆባቸው አንስተው ሰላምታ ሰጡት። ለቀጀላ እንዲያ ሰላምታ የሰጠው ሰው አልነበረም።

የካ ሚካኤል በር ላይ ወርዶ ተሳለመ። እማሆይ አስካለች ከቅጥሩ ሲወጡ መብራቱን ከማሰሪያው አውጥቶ ከፊታቸው እያበራ እስከ ጎጆአቸው ሸኛቸው። «አሁን ወረድክ» አሉት።

ታዲያ ያቺ መብራት አብዱልናስር እንዳለው ሆዷ ሰፊ ሆነ። ቀጀላ ለሁሉ እየወረደ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ያመሹ ሴቶችን ሁሉ እየሸኘ ድንጋዩን ቶሎ ቶሎ ይጨርሰዋል። ዲንቄ ጠዋት ጠዋት ድንጋዮቹን አውጥታ ነፍስ እንዲዘሩ ቆርቆሮው ላይ ታሰጣለች። ጎረቤት ሲያልፍ፣ «ዲንቄ፣ በርበሬው ቀርቶ ብረት ማስጣት ጀመርሽ?» ይላታል። «የባሌን አክብሮት እያደረቅሁ ነው» ትላለች።

ቀጀላ አልተሰረዘም። ሰኔ ላይ የመሰንጠቂያው ጸሐፊ ደብዳቤ ሰጠው። ኪሱ ከተተው፣ ትምህርት ቤት አመሸ፣ ሲመለስ ግን ቤት እስኪደርስ አላስቻለውም። አቀበቱ መሃል ላይ፣ ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ቤተክርስቲያን ሳይደርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ብሎ ወረደ። መብራቱን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አበራና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ኢፍቱ ልጅ ወልዳለች። ክርስትናው የፊታችን እሑድ ነው፤ እንዳትቀር ትላለች።

ቀጀላ እና ዲንቄ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንጦጦን አቋርጠው ሱሉልታ ወረዱ። ኢፍቱ ገና ቤት እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ቀጀላ! ምነው? ክርስትናው እኮ ነገ ነው!»

«አውቃለሁ» አለ ቀጀላ። «አንብቤዋለሁ።»